አንድ ሜትር የሰመራ አጥር

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ግቢዋን በድንጋይ አጥር ልታስከብብ ፈልጋ መሐንዲስ አስመጣች። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ግንባታ ካየሁ እግሬ አያርፍም፤ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። መሐንዲሱ ሜትሩን ጎትቶ ዙሪያውን ለካ፤ ከዚያ ስልኩን አወጣና ርዝመት፣ ቁመት፣ ውፍረት እያለ አስገባ። ምራቄን ሳልውጥ ስልኩ ይህን ያህል ድንጋይ፣ ይህን ያህል አሸዋ፣ ይህን ያህል ሲሚንቶ ብሎ ዘረዘረለት። ከልቤ ተደነቅሁ። እኔ ለዚህ ሥራ ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር።

«ድንጋዩ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው» አለኝ በትሕትና።

አልተቆጣሁም። እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ድንጋይ ድንጋይ ነው ብዬ አውቃለሁ። በእኔ አባባል ግን ሰው ታሰረበት። ይህን ታሪክ ለልጆቼ በቁንጽል እንጂ በሙሉ ነግሬያቸው አላውቅም፤ አሁን ጊዜም ብርሃንም ስላለኝ ልጻፈው።

በደርግ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። በወረቀት ላይ መጠሪያዬ «የሥራ መጠን ተማኝ» ነበር፤ ግንበኞቹ ግን «ቆጣሪው» ይሉኝ ነበር። ደመወዜ ከበረሃ አበሉ ጋር ለአንድ ላጤ ትበቃለች፤ ከዚያ በላይ ስለእሷ የሚነገር የለም። ሥራዬ አንድ ነገር ከመሠራቱ በፊት ምን ያህል ዕቃ እንደሚበላ መናገር ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ መቁጠር የሚወድ ሰው ነኝ። ባቡሩ ጣቢያው ሲገባ ፉርጎዎቹን እቆጥራለሁ። ከሆቴሎቹ ደጅ የተደረደሩትን የጭነት መኪናዎች ጎማ እቆጥራለሁ። የአዋሽ ወንዝ ገደል አፍ ላይ ቆሜ ድንጋይ ወርውሬ እስኪያርፍ ድረስ የምቆጥርበት ጊዜም ነበር። ኃላፊያችን ጓድ ታደሰ አንድ ቀን ይህን ሳደርግ አግኝቶኝ፣ «ጓድ ኃይሉ፣ አብዮቱ ሌላ የሚቆጠር አጣ?» ብሎኛል።

የመጀመሪያ ግምቴ የአንድ መጋዘን አጥር ነበር። ዙሪያውን ለክቼ፣ አባዝቼ፣ አስረከብኩ። ሥራው ሲያልቅ ግን አራት ሜትር የሚያህል አጥር የሚሠራ ድንጋይና ሲሚንቶ ተረፈ። ሰዉ ሁሉ ቁጠባ ነው ብሎ ሲያመሰግነኝ ዋናው ግንበኛ ጋሽ ይማም ብቻ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ያ ኃይሉ» አለኝ፣ «ለመሆኑ መኪናው በየት ሊገባ ነበር?» በሩን አልቀነስኩም ነበር።

ጋሽ ይማም የወሎ ሰው ነው፤ ከቦረና በኩል። ዕድሜው ስድሳን የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆቡ ሁልጊዜ በኖራ የተረጨ። ከበሩ ጉዳይ በኋላ አዘነልኝ መሰለኝ አጠገቡ ያስቀምጠኝ ጀመር። ትምህርት ቤት ያልነገረኝን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው። ቁጥር ቆሞ አይናገርም፤ «ይህ ግንብ ስንት ይበላል?» ሲሉት መጀመሪያ ይቀመጣል። ከዚያ ከክምሩ አንድ ድንጋይ ያነሳል፣ በመዶሻ ይፈልጠዋል፣ የተፈለጠውን ፊት ይልሰዋል። መጀመሪያ ሳይ እምነት ነገር መስሎኝ ነበር።

«ምን ሊቀምሱ ነው፣ ጋሽ ይማም?»

«ጥማቱን» አለኝ። «ምላስ ላይ ከተጣበቀ የጠማው ድንጋይ ነው፤ የሲሚንቶ ቡኮህን ውኃ ይጠጣብሃል። ከተንሸራተተ ጠግቧል።»

እኔም ላስኩት። የአዋሽ ድንጋይ ተንሸራተተ። ከዚያ ቀን በኋላ ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ እየላስኩ ሰው እስኪስቅብኝ ድረስ ሆንኩ፤ ሸክላውም፣ ጡቡም፣ የቤቴ ደረጃም አልቀረ።

ሁለተኛው ልማዱ ሳጥኑ ነው። ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም ግማሽ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን ነበረው። ድንጋዮቹን ልክ ግንብ ውስጥ እንደሚቀመጡ አድርጎ፣ ፊታቸውን አዙሮ፣ በመካከላቸው ጥቃቅን ፍልጥ ድንጋይ እየሰካ ሳጥኑን ይሞላዋል። ከዚያ ደረቅ አሸዋ በወተት ዱቄት ጣሳ እየሰፈረ ያፈስበታል። አሸዋው በየቀዳዳው እየገባ ሳጥኑ አፍ እስኪደርስ ስንት ጣሳ እንደፈጀ ይቆጥራል። ያ አሸዋ የገባበት ባዶ ቦታ ሁሉ ነገ ሲሚንቶና አሸዋ የሚገባበት ነው። በመጨረሻም አንድ ድንጋይ በሱቅ ሚዛን መዝኖ ከሱብሒ ሶላት እስከ ዙህር፣ ከንጋት እስከ ቀትር ማለት ነው፣ በርሜል ውስጥ ይነክረዋል፤ አውጥቶ እንደገና ይመዝነዋል። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው አንድ ቁጥር የሚናገረው፤ ያችም ቁጥር አንድም ቀን አላሳፈረችውም። «ግንብ የሚበላውን ግንቡን ጠይቀው» ይል ነበር።

የአዋሽን ድንጋይ ቁጥር ከእሱ ተቀብዬ በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፍኩት። መበላሸቴ የጀመረው እዚያ ነው። ቁጥሩን ይዤ ሳጥኑን ረሳሁ።

ሰመራ ያኔ የዛሬዋ ከተማ አልነበረችም። ወደ አሰብ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ ብዙ ነፋስ። ለካምፑና ለአካባቢው ሰው አንዲት ክሊኒክ ተሠርታ ነበር። አጥር ስለሌላት ግመልና ፍየል እየገቡ የውኃ በርሜሎቹን ይገለብጣሉ። መቶ ሃያ ሜትር የድንጋይ አጥር ይሠራላት ተባለ፤ የአብዮት በዓል ከመድረሱ በፊት። ጓድ ታደሰ፣ «ግምቱ ከነገ ወዲያ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን» አለኝ። ሰመራ ደግሞ በጭነት መኪና ደርሶ ለመመለስ ብቻ ሁለት ቀን ትፈጃለች።

የካምፑ ንብረት ክፍል ኃላፊ ኡስማን የሚባል የአፋር ሰው ነበር። በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተምሮ በትጋቱ መጋዘን የተረከበ፣ ቁልፎቹን በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚዞር። እንደደረስኩ የፍየል ወተት ሰጠኝ፤ ከዚያ ዙሪያውን አብረን ለካን። የሜትሩን ጫፍ ይዞ በዚያ ፀሐይ ሲሮጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላማረረም።

ለክተን ስንጨርስ፣ «ድንጋዩ እዚያ ነው። ሄደን እንየው» አለኝ። ክምሩ ከመንገዱ ማዶ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ጥቁር ነው፣ ከሩቅ የሰል ክምር ይመስላል። ወደ አዋሽ የምመለስበት መኪና ሹፌር ደግሞ ጥሩምባውን ይነፋል።

«ከዚህ ይታየኛል» አልኩት።

«ቅርብ ነው እኮ።»

«ኡስማን፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው።»

መኪናው ላይ ወጣሁ። ጉልበቴ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ በአዋሽ ድንጋይ ቁጥር አባዛሁት። ሦስት መቶ ሠላሳ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ለቅሞ የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑን ያኔ አላወቅሁም።

ሲሚንቶ በኮታ ነበር። ሦስት መቶ ሠላሳ አምስት ተብሎ ተጻፈ፣ ሦስት መቶ ሠላሳ አምስት ተላከ። ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ከሰመራ ደብዳቤ መጣ፤ ሲሚንቶው አልቋል፣ አጥሩ ግን ሃያ ስምንት ሜትር ይቀረዋል፤ ተማኙ ስሌቱን ያረጋግጥ ይላል። ተቀምጬ ማባዛቱን ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ሆነ። «ስሌቱ ትክክል ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። በውስጤ ግንበኞቹ ያባከኑት ይሆናል አልኩ። ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰርዶ ለሚገኝ አንድ መጋዘን ጣሪያ ግምት እንድሠራ ተላክሁ። መኪናችን አዳይቱ ላይ ለሻይ ቆመ። የሻይ ቤቱ ዳስ ሥር ዱላውን ጭኑ ላይ ያጋደመ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ስሙ ሐመዱ ነው፣ ሹፌሮቹ ሁሉ ያውቁታል። በዚያ መንገድ የሠራ ሰው ዳጉን ያውቃል። አፋሮች ሲገናኙ የሚሄዱበት ቢያስቸኩላቸውም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ መናገር ግዴታ ነው። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የለም። እኔ ይህን ልማድ እንደ ጉድ እወደው ነበር፤ ከየትኛው ጋዜጣ ይህ ይገኛል?

ሐመዱ ከሹፌሮች በለቀመው አማርኛ ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሥራዬንም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ዓይኑን አጥብቦ አየኝ።

«የሰመራን አጥር ወረቀት የጻፍከው ኃይሉ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ኡስማን ታስሯል። አሳይታ ነው። ሰማህ?»

አልሰማሁም ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«ሰማንያ ያህል ከረጢት ሰረቀ ይላሉ» አለ ሐመዱ። «ወረቀቱ ይበቃል ይላል፣ ሲሚንቶው ግን አልበቃም። ስለዚህ ኡስማን ሸጦታል፤ አሻጥር ነው ይላሉ። እኔ ኡስማንን አውቀዋለሁ። አንተን አላውቅህም። ስለዚህ እጠይቅሃለሁ። ወረቀቱ እውነት ነው?»

«ስሌቱ ትክክል ነው።»

«ድንጋዩን አይተኸዋል?»

ዙሪያዬን አየሁ። ሹፌሩ፣ ሻይ የምትቀዳው ሴት፣ ሁለት መንገደኞች፤ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት።

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

ሐመዱ አንገቱን ነቀነቀ። «እሺ። ኃይሉ ድንጋዩን አይቻለሁ ብሏል።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሌ እዚያው ተነስታ መንገድ ጀመረች።

ሰመራ ስንደርስ ሹፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። በቀጥታ ወደ ክምሩ ሄድኩ። ሦስት መቶ እርምጃ ብዬ የገመትኩት ሁለት መቶ ስልሳ ሆኖ ተገኘ። ድንጋዩን አነሳሁት፤ ለመጠኑ ቀላል ነው። ፈለጥኩት፤ ውስጡ እንደ ደንበኛ ዳቦ ዓይን የሞላበት ነው። ላስኩት። ምላሴ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ በእጄ ነው የላቀቅሁት። ሁለተኛውን ፈለጥኩ፣ እሱም ተጣበቀ። ውኃ በቦቴ ስለሚመጣ ግንበኞቹ ድንጋዩን ሳያርሱ ነው የገነቡት፤ የደረቀው ድንጋይ የቡኮውን ውኃ ይመጠዋል፣ ቡኮው ይደርቃል፣ ይጣላል፣ ሌላ ይቦካል። ጠርዙም ስለማይጠረብ በድንጋይና በድንጋይ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ እንቆቅልሹ ተፈታልኝ! አፍታ ሳይቆይ ኡስማን ትዝ አለኝና ድንጋዩን ጣልኩት።

የሚቀጥለውን ብዘለው ደስ ባለኝ። አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ሰርዶ ሄጄ የጣሪያውን ቆርቆሮ ቆጠርኩ። በዚያ ጊዜ አሻጥር የሚባል ቃል የተለጠፈበት ሰው የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ካመንኩ ከኡስማን ጎን የምቀመጠው እኔ ነኝ። አዋሽ ስመለስ ነገሩን ጫፍ ጫፉን ለጓድ ታደሰ ነገርኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ወረቀትህ ንጹሕ ነው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፊርማዬም አለበት። አንተን ማን ጠየቀህ?»

ጓድ ታደሰ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስድስት ልጆች ነበሩት። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ጋሽ ይማምን ያገኘሁት ጣቢያው አጠገብ ደረጃ ሲያበጅ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ የጥሩምባውን፣ የአዳይቱን፣ የአሥራ አንዱን ቀን። መዶሻውን አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሰውዬው ታስሮ አንተ ምሳ ትበላለህ?» አለኝ ብቻ።

«ልጻፍ ብል ማን ያምነኛል? ወረቀት በወረቀት ላይ ነው የሚሆነው።»

«ወረቀት አትጻፍ። አንድ ሜትር እንገንባላቸው። ዓይን ያላቸው ይዩ። እኔ እመጣለሁ።»

«ጋሽ ይማም፣ እርስዎን ደግሞ ይነካካዎታል።»

«አብሽር። የአላህ ድንጋይ ነው፣ አይዋሽም።»

የኡስማንን ጉዳይ ለያዘው አጣሪ ኮሚቴ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ስሌቱን የሠራሁት ድንጋዩን ሳልፈትን ነው አልኩ። ሁለት ቅጽ አበላሽቻለሁ። ጓድ ታደሰ ለሳምንት ሰላም አላለኝም፤ ግን ማመልከቻውን አላስቀረውም፣ ይህን አልረሳለትም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢው ወታደር የነበረ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ብዙ የማይናገር። ሰመራ ላይ ተገናኘን፣ አጥሩ ተቋርጦ የቆመበት ቦታ። አራት ከረጢት ሲሚንቶ ከድልድይ ሥራ ተበደርን። ጋሽ ይማም እጅጌውን ሰብስቦ ከመሠረቱ ጀመረ፤ ልክ ግንበኞቹ እንደሠሩት፣ በዚያው ድንጋይ፣ በዚያው ፀሐይ።

«ለምን ውኃ አታርከፈክፍበትም?» አለው ሰብሳቢው።

«የተቀረው ሲሠራ ስላልተርከፈከፈ ነው ጌታዬ። በውኃ ብሠራው እኔም እዋሻለሁ።»

የእኔ ወረቀት ለአንድ ሜትር ሦስት ከረጢት አይሞላም ብሎ ነበር። ሦስተኛው ከረጢት ተራግፎ ሲያልቅ ግንቡ ደረት ላይ ነበር። አራተኛው ተከፈተ፤ ከግማሹ ትንሽ አልፎ ሲወሰድ ግንቡ ከአጥሩ ጋር ተስተካከለ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ድንጋዩን ቀረብ ብሎ አየው። «በል አስላ» አለኝ።

ባዶው ከረጢት ላይ አካፈልኩት። ሦስት መቶ ሠላሳ አምስት ከረጢት በዚህ አበላል ዘጠና ሁለት ሜትር ያደርሳል። ሰብሳቢው ከአጥሩ መጀመሪያ ተነስቶ ሜትሩን ራሱ ያዘ፤ እኔን አላስነካኝም። ጋሽ ይማም የገነባት ሜትር የምትጀምርበት ሲደርስ ቆመ። ዘጠና ሁለት።

«እንግዲህ ሌባው ድንጋዩ ነው በለኛ» አለ።

«ሌባው እኔ ነኝ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

እኔ ማስጠንቀቂያና የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣት ደረሰብኝ፤ ፈርቼው ከነበረው አንጻር ምንም ነው። ኡስማን በሠላሳ አራተኛው ቀኑ ተፈታ። ከአሳይታ በመኪና መጥቶ ሲወርድ እኔ ሰመራ ነበርኩ፤ የቀረውን ሃያ ሰባት ሜትር በትክክል ልገምት ተልኬ፣ የጋሽ ይማምን ሳጥን ተውሼ። ከስቶ ነበር። አንገቱ ላይ ቁልፍ የለም። አጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ እኔም ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። መጀመሪያ ዳጉ ነው።

ያየውን ነገረኝ። የታሰረበትን ክፍል፣ አብረውት የነበሩትን፣ በአሥረኛው ቀን ሚስቱ መጥታ ሳታየው መመለሷን። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሲጨርስ፣ «አንተስ?» አለኝ።

እኔም ነገርኩት። ክምሩ ድረስ አለመሄዴን ራሱ ያውቃል። ያላወቀው አዳይቱ ላይ አይቻለሁ ማለቴን ነበርና እሱንም ነገርኩት፤ አሥራ አንዱንም ቀን። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩ፤ አለቀስኩም።

ኡስማን ወደ መንገዱ አየ።

«ይህን ለሐመዱ ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም። ኮሚቴው በጽሑፍ…»

«ኮሚቴው ለመንግሥት ነው» አለኝ። «ኃይሉ ድንጋዩን አይቷል፣ ወረቀቱም ልክ ነው የሚለው ወሬ አሁንም እየሄደ ነው። እዚህ ስመጣ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ወሬውን ነገሩኝ፤ ኡስማን እኔ መሆኔን አላወቁም። እኔ ገና አልተፈታሁም።»

በማግስቱ ጠዋት ባገኘሁት የጭነት መኪና አዳይቱ ሄድኩ። ሐመዱ እዚያው ዳስ ሥር ነበር። ሰላም ብዬ ተቀመጥኩና፣ «ያን ቀን ዋሽቼሃለሁ፣ ድንጋዩን አላየሁትም ነበር» አልኩት። ሻይ የምትቀዳው ሴት እጇን አቆመች። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ በተርታ ነገርኩት። እሱም እንደ ዳኛ መረመረኝ፤ ድንጋዩን የት ላይ ሆኜ እንደላስኩት፣ አንዷ ሜትር ስትገነባ እነማን እንደነበሩ፣ ሦስተኛው ከረጢት ሲያልቅ ግንቡ የት እንደደረሰ። ደረቴን በእጄ ነካሁ፤ እሱም የራሱን ደረት ነካ።

«ያኔ ለምን አየሁ አልክ?»

«አፈርኩ። ፈራሁም።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ዱላውን ይዞ ተነሳና መንገዱን ተሻገረ፤ ከማዶ ግመል የሚነዱ ሁለት ሰዎች ወደ ታች ይወርዱ ነበር። አስቆማቸው። ሦስቱም ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። ወሬው በአፋርኛ ስለሆነ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሆኜ የለየሁት የኡስማንን ስም ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠራ። ከዚያ የእኔ ስም ተጠራ፤ ሰዎቹም ዞረው አዩኝ።